ፈቅዶ የመዘጋት መንገድ
(የሆሣዕናን በዓል ምክንያት በማድረግ)

ባለፈው ዓመት በሆሣዕና ሰሞን አሶሳ ሳለን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሆኑ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀረቡ። «ዲያቆን፣ ልጄ ከሰው ተለይቼ በተዘጋ ገዳም ልኑር ትለኛለች። በእናንተም ዘንድ ምናኔ አለና ይንገሩኝ፤ ልጄን በቁሟ ልቀብራት ነውን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይመስለንምና፣ የምናውቀውን ለውድ አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የካቶሊክ ደናግል ሲነሡ ብዙዎች የሚያስታውሱት፣ በመተከል በጉሙዝ ሕዝብ መካከል በትምህርትና በሕክምና ያገለገሉትን የኮምቦኒ እህቶች ነው። ማኅበራቸውን ዳንኤል ኮምቦኒ በ1872 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በቬሮና መሠረተ። የተዘጋ ገዳም ደናግል ግን ከዚህ ይለያሉ፤ ተግባራቸው ከቅጥር ሳይወጡ መጸለይ ነው።

የዚህ ኑሮ ታሪክ ከዛሬው በዓል ጋር ይገናኛል። የአሲዚዋ ክላራ በ1212 እ.ኤ.አ. በሆሣዕና ሌሊት ከመኳንንት አባቷ ቤት ወጥታ ወደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሄደች፤ እርሱም ጠጉሯን ቆረጠላት። ዘመዶቿ ሊመልሷት ሲመጡ መሠዊያውን ይዛ የተላጨ ራሷን አሳየቻቸው። ስለ ድህነት የጻፈችው ሥርዓት በሮሙ ጳጳስ የጸደቀው በ1253 እ.ኤ.አ.፣ ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር።

ዛሬ ግን በአንድ ሌሊት የሚፈጸም ነገር የለም። ቫቲካን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ መሠረት፣ ገዳም የምትሻ ሴት ቢያንስ 1 ዓመት ጥሪዋን ትመረምራለች፤ ቢያንስ 1 ዓመት በእጩነት፣ 2 ዓመት በአመክሮ ትቆያለች፤ ከዚያም ለ5 ዓመት ጊዜያዊ መሐላ ትገባለች። በድምሩ ከ9 ዓመት አያንስም፣ ከ12 ዓመትም አይበልጥም። የዘለዓለም መሐላ ለመግባት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ በማስገደድ፣ በከባድ ፍርሃት ወይም በማታለል የተገባ መሐላም አይጸናም። በተጨማሪም በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ፣ ገዳሙ ሰው እንዳያልቅበት ብቻ ተብሎ ከሌላ አገር ልጆች እንዳይመለመሉ በጥብቅ ይከለክላል። ይህን የአገራችን ወላጆች ሊያውቁት ይገባል።

በውስጥ ያለው ኑሮ የጸሎት ሰዓት፣ የዝምታና የእጅ ሥራ ነው፤ የቅዳሴ ኅብስት የሚያዘጋጁ፣ አልባሳት የሚሰፉ አሉ። ቤተሰብ በእንግዳ መቀበያ ይገናኛቸዋል። ቴሬዛ ዘሊዝዬ በ1888 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ የካርሜል ገዳም ገብታ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. በ24 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ከዚያ አልወጣችም። ሆኖም በ1927 እ.ኤ.አ. የስብከተ ወንጌል ተልእኮ ጠባቂ ተብላ ተሰየመች።

በእኛም ሥርዓት ቢሆን አመክሮ ያልፈጸመ ቆብ አይደፋም። የምንኵስና ደረጃዎች ቀሚስ፣ ቅናት፣ ቆብና አስኬማ ናቸው፤ መነኵሴው ለዓለም የሞተ ነውና ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሉትን የካቶሊክ እምነት በመቃወሟ ወደ ምዕራቡ ሞቃት ቆላ፣ ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ የመጀመሪያው ማኅበሯም በዚያው በግዞት ተመሠረተ። ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት የለየው የእምነት ልዩነት ዛሬም አለ። ሆኖም ገዳም ለመግባት ፈቃድና ፈተና እንደሚያስፈልግ ሁለቱም ያስተምራሉ።

ለእኒያ እናት የመለስነው እንዲህ ነበር፦ «በቁሟ መቅበር ያሉት ከእኛ ሥርዓት የራቀ ቃል አይደለም። ሬሳን ግን ሰው ተሸክሞ ይወስደዋል፤ እርስዋ ፈቅዳ በእግርዋ ትሄዳለች። ስለዚህ አይከልክሏት፣ አያስቸኩሏትም። ከኀዘን ወይም ከችግር ሸሽታ እንዳይሆን ይጠይቋት። የመጨረሻውን መሐላ እስክትገባ ብትመለስ ነውር የለበትም፤ በርዎንም ክፍት አድርገው ይጠብቋት።»

እናትየው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታምሜ ብተኛስ ማን ያስታምመኛል?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ የሚያጽናና መልስ አልነበረንም። ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቱ ብቻ አለመሆኗን ግን ተረዳን፤ ስለ መነኑት ስንጸልይ በቤት የቀሩትንም እንድናስብ አደራ እንላለን።

መልካም የሆሣዕና በዓል ይሁንልን።