ማን ካሳ? የማንስ ኃይሉ?

በሰቆጣ ገበያ መካከል ቆማችሁ «ካሳ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ዞር ይላል? አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስም የብዙ ሰው ነው። ሰውየውን ለይቶ የሚያሳውቀው የአባቱ ስም ነው። ይህን ከራሳችን ከዋግ ታሪክ እንይ።

የዋጉን ገዥ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ያስገደሏቸው ካሳ ናቸው። ልጃቸውን ጎበዜን ከዙፋን ያወረዷቸውም ካሳ ናቸው። ታዲያ አባቱንም ልጁንም ያጠቁት አንድ ሰው ናቸው? አይደሉም፤ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ካሳ ኃይሉ ናቸው። አገራቸው ቋራ ነው። በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ገብረ መድኅንን ያስገደሉት እሳቸው ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ፣ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

በዚያው ዓመት የዋጉ ጎበዜ ነገሡ። ስማቸውም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሆነ።

ሁለተኛው ካሳ ምርጫ ናቸው። አገራቸው ትግራይ ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የእኚህን ካሳ እኅት ድንቅነሽን አግብተው ነበር። ጋብቻው ግን ጦርነቱን አላስቀረም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ፣ አሳም ላይ ተዋጉ። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ። ካሳ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

እነዚህ ሁለቱ በፈረስ ስማቸውም ይለያሉ። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ናቸው፤ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ» ናቸው።

«እንዲያው ስም ቢሳሳት ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። አለበት እንጂ! ጀግናን ከባንዳ ያቀላቅላል። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘች ጊዜ ብዙ ኃይሉዎች ነበሩ። ሦስቱን እንይ።

ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋጉ ዋግሹም ከበደ ልጅ ናቸው። በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ጠላትን ወጉ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ። ጠላትም ሕዝቡን ለማስፈራራት ራሳቸውን ቆርጦ በአደባባይ አሳየ።

ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የጎጃሙ ንጉሥ ልጅ ናቸው። ጎጃምን ለብዙ ዘመን ገዝተው በ1924 ዓ.ም. ተሻሩና ታሰሩ። ኢጣሊያ ሲገባ ግን ለጠላት አደሩ።

«እንግዲያው የጎጃሙ ኃይሉ ካልን ይበቃል» አትበሉ። ልጅ ኃይሉ በለውም እዚያው ጎጃም ነበሩ። እሳቸው ግን ጠላትን የተዋጉ አርበኛ ናቸው። አያችሁ? አገሩን መጥራት ብቻውን አይበቃም። የአባት ስም ያስፈልጋል።

ይህ የመኳንንት ነገር ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ነገር ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት ካሳ ቢኖሩና መዝገቡ «ካሳ» ብቻ ቢል፣ የአንዱ መሬት ለሌላው ይጻፋል። አንዱ የወሰደውን ማዳበሪያ ሌላው ይከፍላል። ክርክሩም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ስለዚህ በመሬት ይዞታ ደብተርም ሆነ በእድር መዝገብ ላይ ሦስት ስም አስጽፉ፤ የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ደብተሩን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡ። አንድ ፊደል ከጎደለ እዚያው አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ፈርሙ።

አሁን እርሳስ አንሡና ሦስቱን ስም በወረቀት ላይ ጻፉ። ጮክ ብላችሁም አንብቡት። በሰቆጣ ገበያ ከሚዞሩት ብዙ ካሳዎች መካከል እናንተን የሚለየው ይህ ነው።