ኮዬ ፈጬ ስንት ሰው ነው?

በእኛ ብሎክ 30 ቤተሰብ ይኖራል። ጠዋት ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ ቢወጣ፣ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ስድስት ሰው ተራው ላይ ይቀራል። ይህ የአንድ ብሎክ ሒሳብ ነው። ኮዬ ፈጬን ያየ ሰው ብሎኩ እስከየት እንደሚሄድ ያውቃል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። ከግቢው እስከ ታክሲ ተራው ባጃጅ፣ ከዚያ ሰልፍ። ሰልፉ ራሱ አያስመርርም፤ ሰው ተራውን ያከብራል፣ ነፍሰ ጡር ካለች ያስቀድማል። የሚያስመርረው ቆርጦ መጫን ነው። እስከ ሳሪስ መሄድ ያለበት ታክሲ ቃሊቲ ላይ «መጨረሻ!» ይላል፣ ወርደን እንደገና እንከፍላለን። በወር ሲደመር የአንድ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው እዚህ የመጣው በእጣ ነው። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ዓመታት ቆጥቦ ቤት ሲደርሰው ሰፈር አይመርጥም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51,229 ቤቶች በአንድ ቀን እጣ ወጣባቸው፤ ኮዬ ፈጬ ከሳይቶቹ አንዱ ነበር። ሥራው መርካቶ፣ እናቱ ኮልፌ የሆነ ሰው የአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ ደረሰው። ቦታው ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበር። ከመሬታቸው የተነሱት ገበሬዎች ጉዳይ በእጣው ማግሥት በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ አስነስቷል፤ ቤት ያገኘን ሰዎች ይህን መርሳት የለብንም።

አሁን ታዲያ ስንት ነን? አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት፤ እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ደግሞ ጤፍ ይዘራ ነበር። ለ2010 የታሰበው ቆጠራ ተራዘመ፣ ለ2011 የታሰበውም እንዲሁ። ስለዚህ በቆጠራው መዝገብ ኮዬ ፈጬ ዛሬም እርሻ ነው።

ቆጠራ ምን ያደርጋል የሚል ካለ የህንድን ገጠር ይመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራማቸው ለሜዳማ አካባቢ 500፣ ለተራራማው 250 ነዋሪ ላለው መንደር ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይገባዋል ብሎ ተነሣ። መነሻው የ2001 የሕዝብ ቆጠራቸው ነበር። መንደሩ ቁጥሩን ይዞ መንገዱን ይጠይቃል። እኛ በምን እንጠይቅ?

የጠዋቱ ሰልፍስ ይሁን፤ ያስፈራኝ የሌሊቱ ነው። አንድ ሌሊት ጎረቤቴ ምጥ ያዛት። ባሏ በሬን ደበደበ፣ «እህቴ፣ ድረሽልኝ» አለ። ስመረምራት ጊዜ እንዳለን አወቅሁ፤ መኪና ግን አልነበረም። የምናውቀው ባለባጃጅ ስልኩን ዘግቷል። በመጨረሻ ከታች ፎቅ ያሉ ጋሽዬ ዳቦ የሚያከፋፍሉበትን መኪና አስነሡ። ከኋላ፣ ሳጥኖቹ መሐል ፍራሽ አንጥፈን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አደረስናት። በሰላም ተገላገለች። ጋሽዬ ያን ሌሊት ውጭ አድረው ቢሆንስ?

የሕዝብ ቆጠራው እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም እላለሁ። እያንዳንዱ ቤት የመብራት ቆጣሪ አለው፤ ሰው የገባበት ቤት በፍጆታው ይታወቃል። ታክሲ ተራው ላይ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ሰልፍ ተራ አስከባሪዎቹ ለአንድ ሳምንት ቢመዘግቡት ስንት አውቶቡስ በየስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግ ይወጣል። የብሎካችን ኮሚቴ ከራሳችን ጀምሯል፤ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ የት እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ እየጻፍን ነው። ሌሎቹ ብሎኮችም እንዲጽፉ ቅጹን ፎቶ ኮፒ አድርገን እያደልን ነው፤ ሲሰበሰብ ለክፍለ ከተማው እናስገባዋለን።