የ0.21 ሴኮንድ ዋጋ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን ከተማ፣ ጉዳፍ ፀጋይ የ5 ሺህ ሜትሩን የመጨረሻ መስመር ስታልፍ ሰዓቱ 14 ደቂቃ ከ00.21 ሴኮንድ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን ፓሪስ ላይ ካስመዘገበችው 14:05.20 ላይ 4.99 ሴኮንድ የቀነሰ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በዚህ ርቀት በአንድ ጊዜ አምስት ሴኮንድ ያህል መቀነስ እንደ ቀላል ትርፍ የሚታይ አይደለም። ሆኖም ደስታው ሳይበርድ የብዙ ኢትዮጵያዊ ዓይን የተተከለው በተገኘው ላይ ሳይሆን በጎደለው ላይ ነው፤ ከ14 ደቂቃ በታች ለመግባት የቀረው ሩብ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም ነበርና።

ሒሳቡ ሲሠራ፣ ጉዳፍ በአማካይ በሴኮንድ ስድስት ሜትር ገደማ ትሮጥ ስለነበር 0.21 ሴኮንድ ማለት አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ነው። ከ5 ሺህ ሜትር ላይ አንድ ሜትር ከሩብ! የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ለደንበኛው ምርቃት ሲያደርግ የማይሰስተው ነው።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጁላይ 5 ቀን 2025፣ በዚያው በዩጂን ትራክ፣ በ2023ቱ ሩጫ ጉዳፍን ተከትላ ሁለተኛ የወጣችው ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት 13:58.06 ገባች። ጉዳፍ በዕለቱ ሦስተኛ ነበረች። ቼቤት ከክብረ ወሰኑ ላይ የቀነሰችው 2.15 ሴኮንድ ሲሆን፣ ይህም ጉዳፍ ከቀነሰችው ግማሹን አይሞላም። ነገሩ በሚዛን የሚሸጥ ቢሆን የጉዳፍ ዕቃ ከእጥፍ በላይ በመዘነ ነበር። «ከ14 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለው ማዕረግ ግን የቼቤት ሆነ፤ ማንም ቢመጣ ደግሞ አይወስድባትም።

ነጋዴ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። «ድፍን» የሚለው ቃል ራሱ የገበያ ቃል ነው። 990 ብር የተባለ ዕቃ «ሺህ እንኳ አይሞላም» ይባልለታል፤ አሥር ብር ሲጨመርበት ግን «ሺህ ብር አወጣሁበት» ተብሎ ይማረርበታል። ደላላም ሻጭና ገዢ አልስማማ ሲሉት ሁለቱንም የሚጎትታቸው ወደ ድፍኑ ነው።

ለመሆኑ 14 ደቂቃ ምንድነው? የሰው ልጅ እግርም ሆነ ሳንባ የሚያውቀው ድንበር አይደለም። ሜትርን የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ሰዎች ሠሩት፤ ጊዜን በስድሳ በስድሳ የመክፈሉን ልማድ ያወረሱት ደግሞ የጥንት ባቢሎናውያን ናቸው። የ5 ሺህ ሜትሩ 14 ደቂቃ የእነዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች የጋራ ልጅ ነው። ቁጥር ድፍን የሚሆነው እንደ ቆጣሪው መሆኑን ደግሞ ከኢትዮጵያዊ በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም። ሌላው ዓለም የራሱን 2000 አክብሮ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው አዲስ አበባ ለሚሊኒየሙ የደገሰችው። ድግሱ በመዘግየቱ ደስታው አልቀነሰም።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ጠባይ በአኃዝ ይዘውታል። ላሴቴራ፣ ፖፕና ሲድኖር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ22 ሚሊዮን በላይ ያገለገሉ መኪኖች በአሜሪካ የተሸጡበትን ዋጋ መርምረዋል። የመኪናው ቆጣሪ እያንዳንዱን 10 ሺህ ማይል ባለፈ ቁጥር ዋጋው ዱብ ይላል። 79,900 ማይል በሄደና 80,000 በሄደ ሞተር መካከል መካኒክ የሚያገኘው ልዩነት የለም፤ ገዢው ግን የሚያየው የመጀመሪያዎቹን አኃዞች ነው። ይኸው ዴቪን ፖፕ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ የማራቶን ውጤት ሲመረምር ደግሞ፣ ሯጮች ከ3 ሰዓትና ከ4 ሰዓት ጥቂት ቀደም ባሉት ደቂቃዎች ተከማችተው አገኛቸው። አብዛኞቹ ሽልማት የማይጠብቁ፣ ስፖንሰርም የማያውቃቸው ተራ ሰዎች ናቸው። 3:59 ብሎ ለጎረቤት ለማውራት ሲሉ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ነፍሳቸው እስኪወጣ ይሮጣሉ።

ተመልካቹስ ምን አገኘ? ሩብ ሴኮንድ በዓይን አይታይም። ሌላው ቀርቶ 14:00.21ን ከሳምንት በኋላ ያለ ወረቀት የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ድፍን ቁጥር ግን አስቀድሞ የታወቀ ቀጠሮ በመሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ላይ ይጠብቁታል። የሕንዱ የክሪኬት ኮከብ ሳቺን ቴንዱልካር በዓለም አቀፍ ግጥሚያ 99ኛውን መቶ ነጥብ ያስቆጠረው እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2011 ነው። 100ኛው እስኪመጣ አገሪቱ ሙሉ አንድ ዓመት ከአራት ቀን ጠበቀች። በመጨረሻ ባንግላዴሽ ላይ ተሳክቶለት ሕንድ በደስታ ሰከረች። በዚያ ጨዋታ የተሸነፈው የእሱ ቡድን መሆኑ በወሬው ውስጥ ጠፍቶ ቀረ።

የገንዘብ ገበያውም ከዚህ አይሻልም። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1999 የዳው ጆንስ መለኪያ በ10,006.78 ሲዘጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ በመሆኑ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ሰዎች ቁጥሩ የተጻፈበት ቆብ አጥልቀው ጨፍረዋል። በአገራችንም የምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ 100 ብርን ሲያልፍ የከተማው ወሬ ሆኖ ነበር፤ 90ን ያለፈበትን ቀን ግን ማን ያስታውሳል? ስለ ውጭ ምንዛሪ ያጠኑት ካሮል ኦስለር የደረሱበት ደግሞ ለደላላ ወሬ ብቻ አይደለም። ደንበኞች ባንክ ዘንድ አስቀድመው የሚተዉት «እዚህ ሲደርስ ሽጥልኝ»፣ «እዚህ ሲደርስ ግዛልኝ» የሚል ትእዛዝ የሚከማቸው በድፍን ቁጥሮች ላይና አጠገብ ነው። በመሆኑም ዋጋው እዚያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ጥሶ ካለፈ ደግሞ ይሮጣል። ከመነሻው ትርጉም ያልነበረው ቁጥር ብዙ ሰው ስለቆመበት ብቻ እውነተኛ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ገበያ ጠንቅቆ ያወቀ ስፖርተኛ ቢፈለግ ዩክሬናዊው የምርኩዝ ዘላይ ሰርጌ ቡብካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፓሪስ ላይ 6 ሜትርን በመዝለል የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ድፍኑን በጅምላ ከሸጠ በኋላ ግን ወደ ችርቻሮ ዞረ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ እየጨመረ እስከ 1994 ድረስ በአዳራሽና በሜዳ በጠቅላላው 35 ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ክብረ ወሰን በተሰበረ ቁጥር ጉርሻ አለና ንግዱ አዋጭ ነበር። ሯጭ እንዲህ መቸርቸር አይችልም። ምርኩዝ ዘላይ የሚዘለውን ከፍታ ራሱ ያዛል፤ ሯጭ ግን የደረሰበትን የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ይህን ዱባይ ላይ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ማራቶኑን በ2:04:53 አሸንፎ 250 ሺህ ዶላር ወሰደ። ክብረ ወሰን ለሰበረ የተዘጋጀው ድፍን አንድ ሚሊዮን ዶላር ግን በ27 ሴኮንድ አመለጠው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን በርሊን ላይ 2:03:59 ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው የሆነው በዚያች በአንዲት ሴኮንድ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው በርሊን፣ ኃይሌ ጀምሮ ባልጨረሰው ሩጫ፣ ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው 2:03:38 ሮጦ ክብረ ወሰኑን በ21 ሴኮንድ አሻሻለው። በ2:03:59 እና በ2:03:38 መካከል ግን ድፍን ደቂቃ አልነበረም።