አብሮት የመጣው

አክስቴ አዲስ ስልክ ገዝታ «ና አስተካክልልኝ» ብላ ጠራችኝ። ስደርስ ቡናው ተቆልቶ ጀበናው ተጥዷል፤ ስልኩም ከነካርቶኑ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ቴሌግራሟን ጫንኩላት፣ ቁጥሮቿን ከአሮጌው አሻገርኩ፣ መነጽር ፍለጋ እንዳትንከራተት ፊደሉን ተለቅ አደረግሁት። አቦሉ ሲቀዳ «ኢንተርኔት የምትገቢው በምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በምን ማለት?»

«ብራውዘሩን ማለቴ ነው። ክሮም ነው? ኦፔራ ነው?»

ስኒውን እያቀበለችኝ ሳቀችብኝ። «አብሮት በመጣው ነዋ! በጎግል!»

ብራውዘርና ጎግል ለየቅል ነገሮች መሆናቸውን ላስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። አንዱ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው፣ ሌላው የምንፈልግበት አገልግሎት። ግን አድራሻ የሚጻፍበትና ፍለጋ የሚጻፍበት ሳጥን አንድ ከሆነ ቆይቷል። ሁለቱን መለየት ያቃታት እሷ ሞኝ ስለሆነች ሳይሆን፣ እንዳይለዩ ሆነው ስለተሠሩ ነው።

ስልኩን በአማርኛ አድርጌላት ስለነበር ቅንብሮቹ ውስጥ ስገባ «ነባሪ መተግበሪያዎች» የሚል መጣልኝ። ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ዓሣ ነባሪ ነው። ተርጓሚዎቹ ለማለት የፈለጉት «ሌላ እስክትመርጥ ድረስ ባለበት የሚኖረው» ነው፤ ሳያስቡት ግን ጥሩ ስም አውጥተዋል። በዚህ ባሕር ትልቁን ዓሣ ያተለቀው ያቺ «ነባሪ» የምትባል ቦታ ናት።

ቦታዋ ስንት እንደምታወጣ ለዓመታት በኩባንያዎቹ መካከል የተያዘ ምስጢር ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2020 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ጎግልን በፍለጋ ገበያው ላይ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ብሎ ከሰሰው። ዋሽንግተን በተሰየመው ችሎት፣ ጎግል በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ነባሪ የመፈለጊያ ሞተር ለመሆን በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ወጣ። በ2022 ለአፕል ብቻውን የከፈለው 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጎግል ሲከራከር ሰዎች የሚጠቀሙብኝ ከሁሉ ስለምሻል ነው አለ። ከሁሉ ከተሻለ ይህን ሁሉ ብር ምን አስከፈለው? መልሱ አክስቴ ዘንድ አለ፤ ሰው አብሮት የመጣውን አይቀይርም። ዳኛ አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 ጎግል ሞኖፖሊስት ነው፣ ሕግም ጥሷል ብለው ፈረዱ።

ይህ ፊልም ከዚህ በፊትም ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የብራውዘር ገበያው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ነበር። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሠራና ከዊንዶውስ ጋር በነጻ አብሮ ላከው። አዲስ አበባ ውስጥ በደቂቃ እየከፈልን ኢንተርኔት ቤት የተቀመጥን ሁሉ ያቺን ሰማያዊ «ኢ» እናስታውሳታለን። «ኢንተርኔቱን ክፈትልኝ» ስንል ባለቤቱ ሁለቴ የሚጫነው እሷን ነበር፤ ያኔም ፕሮግራሙንና ኢንተርኔቱን የሚለይ አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። በ2000 ኩባንያው ለሁለት ይከፈል የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ በ2001 ይግባኝ ሰሚው መከፈሉን ሻረው፣ ሕግ መጣሱን ግን አጸናው። ኔትስኬፕን ይህ አላዳነውም።

ከፍርዱ ይልቅ የሚያስተምረኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኤክስፕሎረር 6 በ2001 ወጣ፤ ቀጣዩ 7 የመጣው በ2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ! ተፎካካሪ የሌለው ምን አስቸኩሎት ይነሳል? ቫይረሱና በራሱ የሚዘረገፈው መስኮት የተፈለፈለው በዚያ እንቅልፍ ጊዜ ነው። የቀሰቀሰው ከኔትስኬፕ አመድ የተነሳው ፋየርፎክስ ነው። ኔትስኬፕ ከመሞቱ በፊት በ1998 የፕሮግራሙን ኮድ ለማንም ክፍት አድርጎት ነበር፤ ሞዚላ የተባለው ድርጅት ያንን ይዞ በኅዳር 2004 ፋየርፎክስ 1.0ን አወጣ። በማግስቱ ወር ደጋፊዎች ብር አዋጥተው ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አስወጡ፣ 10 ሺህ ገደማ ስም ተደርድሮበት። ለዕድር ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እንጂ ለሶፍትዌር እንዲህ ሲዋጣ አይቼ አላውቅም።

የጎግሉ ክሮም በ2008 ሲመጣ እኔም ከጓጉት አንዱ ነበርኩ፤ አልክድም። ፈጣን ነበር፤ አንዱ ገጽ ሲሰናከል ሌሎቹን ይዞ አይወድቅም ነበር። ሜኑውን በአማርኛ አቅርቦልናል። የአማርኛ ገጽ ሲከፈት ፊደል ሳይሆን ባዶ ሳጥን የሚደረደርበትን ዘመን ላሳለፈ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሠራው ኩባንያ የሚኖረው ማስታወቂያ በመሸጥ መሆኑን ያኔ ማን ልብ አለ?

በእኛ አገር ግን ለብዙ ሰው ምርጫውን የወሰነው ፍጥነትም ገመናም አልነበረም። ሜጋባይት ነው። ካርድ ሞልቶ፣ ከካርዱ ላይ ጥቂት ሜጋ ገዝቶ፣ እሷኑ እያብቃቃ የኖረ ሁሉ ኦፔራ ሚኒን ያውቃል። የኖርዌዩ ኦፔራ በ2006 ለዓለም ያቀረበው ይህ ፕሮግራም በቁልፍ ስልክ ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፤ ገጹን የሚከፍተው ስልክህ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ገጹን ያመጣል፣ ምስሉን ያሳንሳል፣ ጨምቆ የቀረውን ይልክልሃል። ገጠር ያለ ዘመድ በሰው እንደሚልክልህ ድርቆሽ ነው፣ ውሃው ወጥቶለት፣ ቀሎ።

ግን የሚጨምቀው ሰው ያያል። በዚያ አሠራር በስልክህና በድረ ገጹ መካከል መልእክተኛ ገብቷል፤ ደብዳቤውን ካላነበበው ሊያሳጥረው አይችልም። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ፣ አንዳንዶቻችንም እያወቅን፣ ገመናችንን በሜጋባይት ለወጥን። በ2016 የብራውዘሩ ሥራ በቻይና ኩባንያዎች ለሚመራ ቡድን ተሸጠ። መልእክተኛው ጌታ ሲቀይር ደብዳቤ ላኪውን ያማከረ አልነበረም። ኦፔራን ለብቻው ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። ድሃ ሰው ብራውዘር ሲመርጥ ከሀብታሙ የተለየ ሒሳብ እንደሚያሰላ ለመናገር ነው።

ምርጫ ስንል ደግሞ ስንት ነው ያለው? ከውጭ ሲያዩት ብዙ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር፣ ማለትም ገጹን አንብቦ የሚያሳየውን የብራውዘሩን ውስጣዊ ክፍል፣ ጥሎ የክሮምን ወሰደ። ማይክሮሶፍት እንኳን፣ ያ የትናንቱ ዓሣ ነባሪ፣ በ2020 ኤጅ የተባለውን ብራውዘሩን በክሮም ሞተር ላይ ተክሎ አወጣው። ብሬቭም፣ ቪቫልዲም፣ የሳምሰንጉም እንደዚሁ። አይፎን ላይ ደግሞ ስሙ ምንም ይሁን ምን ውስጡ የአፕል ሞተር ነው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሌላ ሞተር ብዙም አልተፈቀደም። አንድ መንገድ ላይ ሰባት ምግብ ቤት ተደርድሮ ወጡ ሁሉ ከአንድ ድስት ሲወጣ አስቡት። ከዋናዎቹ መካከል የራሱን ድስት ጥዶ የቀረው፣ ከአፕል ሌላ፣ ፋየርፎክስ ብቻ ነው።

አክስቴ ስለ ጉልበት ሕመም አንድ ቀን ፈለገችና ለሳምንታት የጉልበት ቅባት ማስታወቂያ ተከተላት። «ማን ነገራቸው?» አለችኝ፤ የጠረጠረችው ጎረቤቷን ነበር። ነጋሪዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንጋፋው ኩኪ ይባላል። በ1994 ኔትስኬፕ ውስጥ ሉ ሞንቱሊ የተባለ መሐንዲስ ሲፈጥረው ለበጎ ነበር። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ አስረክበን እንደምንቀበለው ቁጥር ነው፤ ስንመለስ ያስታውሰናል። ችግሩ የመጣው ሦስተኛ ወገን ሲገባበት ነው። በየሱቁ በር አንድ ሰው ቆሞ ያችኑ ቁጥር እየመዘገበ፣ የት ገብተህ ምን እንዳነሳህ ዝርዝሩን ለሚከፍለው ይሸጣል። ፋየርፎክስ በ2019 ተጠቃሚን የሚከታተሉ የታወቁ ኩኪዎችን በነባሪነት ማገድ ጀመረ፣ የአፕሉ ሳፋሪ በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ጠቅልሎ ዘጋ። ጎግልም በዚያው ዓመት «በሁለት ዓመት ውስጥ አጠፋዋለሁ» ብሎ ነበር። አራዘመ፣ እንደገና አራዘመ፣ በ2024 ሐሳቡን ቀየረ። ማስታወቂያ የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያ ላይ በር እንዲዘጋ መጠበቅ ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ነው።

«ማንነት የማያሳውቅ» የሚለው የክሮም መስኮት ከዚህ ያድናል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ስሙ ከግብሩ ይበልጣል። የአሰሳ ታሪክህን ስልክህ ላይ አያስቀምጥም፤ ባለቤትህ ወይም ልጅህ አያዩትም። ድረ ገጹና የስልክ ኩባንያው ግን ባሉበት አሉ። በዚሁ ጉዳይ በ2020 የተከሰሰው ጎግል በ2024 ተስማምቶ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋትና ማሳሰቢያውን ግልጽ አድርጎ ለመጻፍ ግዴታ ገባ።

ሰሞነኛው ጠብ ብራውዘር ላይ በሚገጠሙ፣ ማስታወቂያ በሚያግዱ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ተወዳጁ ተጨማሪ፣ ጎግል የተጨማሪዎቹን ደንብ ስለቀየረ፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ክሮም ላይ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ተደረገ። ምክንያቱ ደኅንነት ነው ተባለ፤ ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ፋየርፎክስ ላይ፣ አንድሮይድ ስልክም ላይ ጭምር፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለእኛ ይህ የገመና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታገደ ማስታወቂያ ያልወረደ ማስታወቂያ ነው፤ ያልወረደ ደግሞ ፓኬጅ አይበላም። አክስቴን ያሳመንኳትም በዚህ ነው። ስለ ክትትል ስነግራት «እኔን አሮጊቷን ተከታትለው ምን ሊያገኙ?» ያለችው ሴት፣ ሜጋ ይቆጥብልሻል ስላት ስልኩን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

ፋየርፎክስን ሳወድስ ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። በዚያው የጎግል ክስ፣ ሕግ መጣሱ ከተፈረደ በኋላ መፍትሔው ሲታይ፣ በግንቦት 2025 የሞዚላው የፋይናንስ ኃላፊ ኤሪክ ሙልሃይም ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ከድርጅቱ ገቢ 90 በመቶው ገደማ ከፋየርፎክስ እንደሚመጣ፣ ከዚያም ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ የጎግል ክፍያ መሆኑን ተናገሩ። የመጨረሻው ተፎካካሪ የሚበላው ከተፎካካሪው ሞሰብ ነው። ፍርድ ቤቱ ክፍያውን ቢከለክል መጀመሪያ የሚራበው ጎግል ሳይሆን ሞዚላ ነበር። የካቲት 2025 ላይ ሞዚላ «መረጃችሁን ፈጽሞ አንሸጥም» የሚለውን ቃሉን ከገጹ ሲያነሳ ወዳጆቹ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ «መሸጥ የሚለው ቃል የሕግ ትርጉሙ ሰፊ ስለሆነ ነው» አለ። እኔን አላረካኝም። ብሬቭም ቢሆን ንጹሕ እጅ የለውም፤ ተጠቃሚ የአንዳንድ የክሪፕቶ ኩባንያዎችን አድራሻ ሲጽፍ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ሲቀጥልበት በ2020 ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል።

በዚያው ችሎት መፍትሔው ምን ይሁን ሲባል፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ክሮም ይሸጥ ብሎ ነበር። ፐርፕሌክሲቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ 34.5 ቢሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ እጁን አወጣ። ዳኛ ሜታ በመስከረም 2025 መሸጡን አልተቀበሉም። ሌላውን የሚያገል ውል ከልክለው፣ ለነባሪነት መክፈልን ግን ፈቀዱ። ቦታዋ ዛሬም ትከራያለች።

እኛም፣ በራሳችን አቆጣጠር፣ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥተናል። አዋጁ ፈቃደኝነትን ይጠይቃል፤ ካርቶኑ ሳይከፈት ለተመረጠልህ ነገር ፈቃድህን መቼ እንደሰጠህ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በረካው ሲቀዳ ሥራዬን ጨረስኩ። ፋየርፎክስን ከነዩብሎኩ ጭኜ፣ ነባሪ አድርጌ፣ ምልክቱን የክሮም ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላውን እንዳለ ተውኩት። አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ ራቅ አድርጋ ይዛ፣ በአንድ ጣቷ «የዛሬ የዶላር ምንዛሪ» ብላ ጻፈች። ገጹ ተከፈተ። ከላይ በኩል ያንን ባለ ቀለም ስም ስታይ ፊቷ በራ።

«ይኸው ጎግሌ! አለ አይደል እንዴ!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ አንተ ምኑን ነው የቀየርክልኝ?»