አሮጌ ኤንትሬ እንዴት ነፍስ ይዘራል?

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ትንሽ ቆማችሁ መኪና ብትቆጥሩ የኢትዮጵያን የጭነት ታሪክ አንድ ላይ ታያላችሁ። ከጅቡቲ ኮንቴነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ወደ ደረቅ ወደቡ ይታጠፋሉ፤ ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች ይከንፋሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላል፦ ኤንትሬ።

ሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የ682 ቤተሰብ ጣሊያን ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። «ኤን» የሚለው ፊደል የመጣው ናፍጣ ከሚለው ቃል ነው፤ «ትሬ» ደግሞ በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ሹፌሮቻችን ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ ላይ አንብበው ስም አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አምቼም ከፊያት ጋር የሚሠራ ስለነበር፣ የመኪናው ስምና የመለዋወጫው ስም በየጋራዡ ሥር ሰደደ።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። በሉሜ ወይም በምንጃር አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ኤንትሬ አለ እንበል። ድሮ ጤፍና ስንዴ ያመላልስ ነበር። ጎማው ተንፍሷል፣ ካሶኒው ዝጓል። ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፦ ቆራርጦ በኪሎ ለብረት ማቅለጫ መሸጥ፣ ወይም ማደስ። ከተቆረጠ በኋላ መመለሻ የለም። በደንብ ሳይታይ ታድሶ መንገድ ከወጣ ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ታዲያ በምን ይወሰናል? በስሜት አይደለም፤ በመለኪያ ነው። እንዴት እንደሆነ አብረን እንይ።

እርጅና በሚሊሜትር

የመኪና ብረት ሁሉ እኩል አያረጅም። ከዚያ ሁሉ ቶን ብረት ውስጥ በብዛት የሚያልቀው ሁለት ብረቶች እርስ በርስ የሚፋተጉበት ቆዳ ነው። ለምሳሌ የሞተሩን ሲሊንደር እንውሰድ። ፒስቶኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ዙሪያው ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ግድግዳውን እየነኩ ጋዝ እንዳያልፍ ይዘጋሉ።

የሚገርመው ግድግዳው በሁሉም ቦታ እኩል አይበላም። ይበልጥ የሚበላው ከላይ፣ ፒስቶኑ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ነው። ለምን? በእርጥብ ወለል ላይ በፍጥነት የሚንሸራተት ጫማ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲቆም ግን ወለሉን ይነካል። ፋሻም እንደዚያው ነው። በሚሮጥበት ጊዜ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ ጫፍ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆም ዘይቱ ይሳሳል፣ ብረት ብረትን ይነካል። የቃጠሎው ሙቀትና ግፊትም ከፍተኛ የሚሆነው እዚያው አካባቢ ነው።

የሰው ፀጉር ውፍረት በግምት 0.07 ሚሊሜትር ነው። ሲሊንደሩ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ከሰፋ፣ ማለትም አራት ፀጉር ያህል፣ ሞተሩ አቅም ያጣል። ያ ሁሉ ቶን ብረት ደህና ሆኖ፣ መኪናውን ያቆመው አራት ፀጉር ነው!

ጠዋት ጠዋት ለምን አልነሳ ይላል?

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው የታመቀ አየር ሙቀት ነው። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ እንደሚሞቀው ማለት ነው። ፒስቶኑ አየሩን ከ17 ወደ 1 ቢያምቀው፣ አየሩም ሲገባ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ በፊዚክስ ቀመር መሠረት ወደ 620 ዲግሪ ይደርሳል። በተግባር የተወሰነው ሙቀት ወደ ብረቱ ስለሚሸሽ ከዚህ ያንሳል፤ ግን ናፍጣ ለማቀጣጠል ይበቃል።

አሁን በእነዚያ አራት ፀጉሮች በኩል አየር ይሾልካል እንበል። ሲሾልክ መታመቁ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ ይወርዳል። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረ ደግሞ አየሩ ለመሹለክ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል። ለዚህ ነው ያረጀ ኤንትሬ ቀን ሲሞቅ ተነስቶ ማለዳ ላይ የሚያስቸግረው፤ ለዚህም ነው ቁልቁለት ላይ ማሳደር የብዙ ሹፌሮች ልማድ የሆነው።

የሚሾልክበትን ቦታ ለማወቅ ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም። መካኒኩ ፒስቶኑን አየር ጨርሶ የሚያምቅበት ጫፍ ላይ ያደርሰዋል፤ ሞተሩ እንዳይዞር አስሮ በናፍጣ መርጫው ቀዳዳ በኩል የኮምፕረሰር አየር ያስገባል። ከዚያ ያዳምጣል። አየሩ በዘይት መሙያው በኩል ከተነፈሰ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። በማርሚታው በኩል ከወጣ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። አንድ ጆሮ፣ ሦስት መልስ።

ጭሱም ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ከሆነ ናፍጣው በደንብ ሳይቀጣጠል እየወጣ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ካለው አየር በዝቷል። እዚህ ላይ የሞጆን ከፍታ አትርሱ። ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የናፍጣ ፓምፑ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከሆነ ጤነኛ ሞተር እንኳን ይጠቁራል። ጥቁር ጭስ አይታችሁ ሞተሩ አልቋል ለማለት አትቸኩሉ።

እርጅናን አትገልብጡ

እሺ፣ ያለቀው ዕቃ ታወቀ። ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት መኪና አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ አይገኝም። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ነው። የባሌስትራውን ፒን፣ ፒኑ የሚገባበትን የነሐስ ቡሽ፣ ሌላም ብዙ ክብ ነገር ቶርኖ ያወጣዋል።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ያለቀውን ፒን ይዛችሁ ሄዳችሁ «ይሄን የመሰለ ሥራልኝ» ካላችሁ፣ ባለሙያው በካሊፐር ለክቶ በትክክል ያንን የመሰለ ይሠራል። እርጅናውንም ጨምሮ! አዲሱ ፒን ገና ሲገጠም ይላላል። ዕድሳት ማለት የጠፋውን የመጀመሪያ ልክ መልሶ ማግኘት ነው።

ታዲያ የጠፋ ልክ ከየት ይገኛል? ከራሱ ከዕቃው። ግጭት ያልደረሰበት ቦታ ሁልጊዜ ይኖራል። ፒኑ ጫፉ ላይ፣ ከቡሹ ውጭ የቀረው ክፍል ካልዛገ የፋብሪካውን ልክ ይዞ ቆይቷል። ሲሊንደሩም ከአናቱ ላይ ፋሻው የማይደርስበት ጠባብ ቀበቶ አለው፤ ጥፍራችሁን ብታሳልፉበት እንደ ትንሽ ደረጃ ይሰማችኋል። ከደረጃው በላይ ያለው ቀድሞ የነበረው ስፋት ነው፤ ከደረጃው በታች ያለው ዕድሜ ነው። ልዩነቱን ለክታችሁ ሲሊንደሩ በትንሹ ይሰፋ ወይስ ይቀየር የሚለውን ትወስናላችሁ።

ልክ ብቻውን ግን አይበቃም። ከግንባታ ፌሮ የተሠራ ፒን ልኩ ፍጹም ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ። ጥሩ ፒን ቆዳው ጠንካራ፣ ልቡ ለስላሳ ነው። ቆዳው መፋተግን ይቋቋማል፤ ልቡ መንገዱ ሲያናውጠው ሳይሰበር ይችለዋል። ይህ የሚገኘው ብረቱን ካርቦን ባለበት አግሎ በድንገት በማቀዝቀዝ ነው። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ሞረድ አስነኩት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ቆዳው ጠንክሯል፤ ከነከሰው ለስላሳ ነው።

ትንሽ ክፍተት ሲቀር ደግሞ መካኒኮች በልኩ የተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ ያስገባሉ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚባለው በጋራዥም ይሠራል። ቆርቆሮው የሚያገለግለው ግን ክፍተቱ ሲለካ ነው፤ በግምት ሲሆን ጠጠሩ ራሱ ጋኑን ይሰብረዋል።

ብረት ሲደክም

አንድ ሽቦ ወዲህና ወዲያ ስታጣጥፉት በስተመጨረሻ ይበጠሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብታጥፉት ግን ምንም አይሆንም። ይህ የብረት ድካም ይባላል። የኤንትሬ ሻንሲ ለአሥርት ዓመታት በኮረኮንች ላይ እንደዚያ ሽቦ ሲታጠፍ ኖሯል፤ እጅግ በትንሹ፣ ግን ሚሊዮን ጊዜ። ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳ ወይም ከድሮ ብየዳ ጠርዝ ነው፤ ኃይሉ እዚያ ይጠራቀማልና።

ስለዚህ ቀለም ከመቀባት በፊት ቀለም መፋቅ ይቀድማል። ሻንሲው ተፍቆ፣ በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በኖራ ዱቄት ቢቀባ፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ወደ ኖራው ሰርጎ መስመሩን ያሳያል። ስንጥቅ ከተገኘ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ሹል የነበረው ጫፍ ክብ ሲሆን ኃይሉ ይበተናል። ይህ ስንጥቁን ያዘገየዋል እንጂ አይፈውሰውም፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ መኪና ካያችሁ፣ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም

እስካሁን ያየነው ቢሳሳት መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል። ፍሬን ቢሳሳት ግን አይቆምም። ነገሩ ይሄ ነው።

ከነጭነቱ 14 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያለው ጉልበት ወደ 1.9 ሚሊዮን ጁል ነው። ሲቆም ይህ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል፤ 20 ዲግሪ የነበረ 6 ሊትር ያህል ውሃ እስኪፈላ የሚያሞቅ ሙቀት። ብዙ ነው፣ አይደል? ቁልቁለት ግን ይብሳል። ያው መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር 100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 13.7 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ሰባት እጥፍ! የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጥሩ ሹፌር በከባድ ማርሽ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ጉልበቱን ሞተሩ ይካፈልለታል።

የፍሬን ታምቡር ሲበላ ቶርኖ ላይ ተፍቆ ይስተካከላል። በተፋቀ ቁጥር ግን ይሳሳል። የሳሳ ታምቡር ያንን ሙቀት የሚያጠራቅምበት ብረት ያንሰዋል፤ ቶሎ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ታምቡር ከዚህ በላይ አይስፋ የሚባል ወሰን ያለው። ወሰኑ ካለፈ፣ የመኪናው ሌላው ሁሉ አዲስ ቢሆንም፣ ታምቡሩ ይጣላል። ሌላ ታምቡር ካልተገኘ መኪናው ከግቢ አይወጣም። አንዳንዴ የመለኪያ መልስ «አይሆንም» ነው፤ ያንን መልስ መቀበልም የሙያው አካል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ ፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ታምቡር ሲከፈት አቧራው በኮምፕረሰር እንዳይነፋ ንገሩ፤ በውሃ ረጥቦ በጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም ይወገድ።

ደብተር ያስፈልጋል

ከላይ የጠቀስኳቸውን ቃላት ልብ ብላችኋል? ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ካሶኒ፣ ቶርኖ። ሁሉም ከጣሊያንኛ መጥተው የኛ ሆነዋል፤ ከመምህር ወደ ረዳት በአፍ ተላልፈው እዚህ ደርሰዋል። የኤንትሬ ልኮችም ብዙዎቹ የተላለፉት በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ፒን ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ያ ብሎን ምን ያህል ይጠበቃል የሚለው በአረጋውያን መካኒኮች እጅ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ምህንድስና ስማር ስለ መፋተግና ስለ ብረት ድካም ቀመሩን አግኝቻለሁ፤ ቀመሩ ውስጥ የሚገባውን ቁጥር የያዘው ግን መካኒኩ ነው።

የተቆረጠ መኪና ልኩንም ይዞ ይሄዳል፤ ያረፈ መካኒክም እንደዚያው። በሠፈራችሁ ያረጀ ኤንትሬ፣ ትራክተር ወይም የወፍጮ ሞተር የሚፈታ ባለሙያ ካለ፣ ካሊፐርና ደብተር ይዛችሁ ጠጋ በሉ። ፍቀዱልኝ ብላችሁ ያልተበላውን ቦታ ለኩ፣ ቅርጹን ሣሉ፣ የዕቃውን ስም እሱ በሚጠራው ቃል ጻፉ፣ ቀኑንም አስቀምጡ። አንድ ፒን፣ አንድ ገጽ። የዚያ መኪና ባለቤት ነገ ሁለተኛውን ምርጫ ሲመርጥ፣ ቶርኖ ቤት ይዞት የሚሄደው ያለቀውን ፒን ሳይሆን ያንን ገጽ ይሆናል።