ያለ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ

ክሪስታል ሬዲዮ ባትሪም ሆነ የግድግዳ ሶኬት አይፈልግም። የሚሠራው አንቴናው በሚቀበለው የሬዲዮ ሞገድ ጉልበት ብቻ ነው። የመዳብ ሽቦ ጥቅልልና ካፓሲተር ጣቢያውን ይመርጣሉ፤ ዳዮዱ ደግሞ ጅረቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሳለፈ ድምፁን ከሞገዱ ይለያል። ዳዮድ በየሱቁ ባልነበረበት ዘመን ይህ ሥራ የጋሌና ድንጋይና የቀጭን ሽቦ ጫፍ ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አንዚዮ ግንባር የተሰለፉ የአሜሪካ ወታደሮች ግን በድንጋዩ ፋንታ ምላጭ ተጠቀሙ፤ ሠራላቸውም! የክሪስታል ሬዲዮ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ተራ የሞባይል ማዳመጫ አያሰማውም፤ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው ማዳመጫ፣ ረጅም አንቴናና ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ ይፈልጋል። በተለይ የሚያገለግለው ለኤኤም ስርጭት ነው። ቤት ውስጥ ከሠራችሁት አንቴናውን ከመብራት መስመር አርቁ፤ መብረቅ ሲኖርም አትንኩት።