የአውሮፕላን የመብረር ፈቃድና ፍተሻው

ጢስ ዓባይን ለማየት ከአዲስ አበባ በአየር የሚመጣ ሰው ባሕር ዳር ላይ ይወርዳል። ከዚያ ፏፏቴው ድረስ በመኪና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በዚህ መስመር ከሚመላለሱት አውሮፕላኖች አንዱ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። መንገደኛው መታወቂያውን እንደሚያሳይ ሁሉ አውሮፕላኑም የራሱን ወረቀት ይዞ ይበራል። ይህ ወረቀት የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ይባላል። በ1937 ዓ.ም. በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው አውሮፕላኑን የመዘገበው አገር ነው። በእኛ አገር ይህ ሥራ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ወረቀቱ ግን ፍተሻው በጊዜው ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የፍተሻው ጊዜ የሚቆጠረው በሦስት መንገድ ነው፤ በበረራ ሰዓት፣ በመነሳትና በማረፍ ብዛት፣ በቀን መቁጠሪያም። እንደ አዲስ አበባ–ባሕር ዳር ባለ አጭር መስመር ላይ ሁለተኛው ቆጠራ ቶሎ ይሞላል። እያንዳንዱ ማረፍ የማረፊያ እግሮቹን ይፈትናል፤ ካቢኑም ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በአየር ግፊት ይወጠራል፣ ሲወርድ ይረግባል፤ ብረቱ የሚደክመው በዚህ መመላለስ ነው። የቆመ አውሮፕላንም ቢሆን ዝገት አይተወውም፤ ቀን የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ቀላሉ ፍተሻ ከበረራ በፊት ዙሪያውን ዞሮ ማየት ነው። በከባዱ ጊዜ አውሮፕላኑ ሀንጋር ገብቶ ወንበሩና ወለሉ ይነሳል፣ የተሸፈነው አካል ሁሉ ይገለጣል። እኔ ከሁሉ የምወደው የፊርማውን ሕግ ነው። ስህተት ቢፈጠር አደጋ የሚያስከትል ሥራ፣ ለምሳሌ የመሪው ክፍሎች ጥገና፣ ሠሪው ራሱ መርምሮ የሚያሳልፈው አይደለም፤ ሥልጣን ያለው ሌላ ባለሙያ አይቶ ይፈርማል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ፍተሻም አለ፤ መብረቅ ሲመታ፣ አውሮፕላኑ በኃይል ሲያርፍ፣ ወፍ ሞተር ውስጥ ሲገባ። ይህን የመጨረሻውን የባሕር ዳር ሰው በመራራ ታሪክ ያውቀዋል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚያ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ጉድለቱ ከአንድ አውሮፕላን አልፎ ከዲዛይኑ ሲሆን ደግሞ ባለሥልጣናት አስገዳጅ መመሪያ ያወጣሉ፤ ያንን ያልፈጸመ አይበርም። መመሪያው ራሱ ሊያንስ ይችላል። ከኢንዶኔዢያው የ737 ማክስ አደጋ በኋላ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ መመሪያ አብራሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ነገረ እንጂ ማሽኑን አላስተካከለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ግን ሶፍትዌሩ እንዲቀየር፣ የሽቦ መስመሮች እንዲለያዩ፣ እያንዳንዱ አውሮፕላንም መንገደኛ ሳይጭን በቅድሚያ እንዲበር አዘዘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማክስ መንገደኛ ማጓጓዝ ዳግም የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።